የሰፈራችን የዘማቾች መታሰቢያ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ነገሮች

ድንጋዮቹ ከቆሙ ወዲህ ስልክ ስናነሳ ነው የምንውለው፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን እንኳን ከጎናችን ያለው ሰው ጎንተል አርጎ «የአያቴ ስም ለምን ከታች ሆነ?» ይላል፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ተጽፎ ይቀመጥና ሁሉም ያንብበው ብለን ነው። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ፣ ጸሐፊ ያረጉኝም የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው እንጂ ሌላ ሙያ ኖሮኝ አይደለም። እዚህ ላይ ስህተት ካገኛችሁ የኔ ነው፣ ሌሎቹን አትውቀሱ።

መታሰቢያው የት ነው? እንዴት ይመጣል?

ከፒያሳ ወይ ከመርካቶ አስኮ፣ ከአስኮ የቡራዩ ታክሲ ይዛችሁ አሸዋ ሜዳን እንዳለፋችሁ «ወራጅ አለ» በሉ። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ በኮብልስቶኑ አምስት ደቂቃ በእግር ነው፣ ድሮ የዕድሩ ድንኳንና ወንበር ይቀመጥበት የነበረው ግቢ ማለት ነው። ባጃጅ የያዘ ሰው «ዕድሩ ጋ» ካለ ይበቃዋል። «ሐውልቱ ጋ» ካላችሁ ሾፌሩ ግራ ይገባዋል፣ ምክንያቱም ሐውልት የሚመስል ነገር የለም፣ በሰው ቁመት ልክ የቆሙ አምስት ጥቁር ድንጋዮች ናቸው፣ ፈረስ የለ፣ ጎራዴ የለ፣ አንበሳ የለ። አንድ ዲዛይነር ወጣት ክላሽ የያዘ ወታደር ስሎ አምጥቶልን ነበር፣ ስዕሉ ያምራል፣ ግን አንዱ ሽማግሌ ቀና ብለው አይተው «እኔ የሄድኩት በምንሽር ነው» አሉ፣ ሌላኛው ደሞ «እኔ ሬዲዮ ነበር የተሸከምኩት» አሉ፣ በቃ እዛው ቀረ።

ከተማው በሐውልት ሞልቶ የለ እንዴ? እዚህ ዳር ላይ ምን ያደርጋል?

ልክ ናችሁ ሞልቷል። ለየካቲት 12 ሰማዕታት ስድስት ኪሎ አለ፣ ለድሉ አራት ኪሎ አለ፣ ለምስራቁ ጦርነት ቸርችል ላይ ትግላችን አለ፣ ለኮሪያ ዘማቾች አፍንጮ በር አለ፣ አድዋም በ2016 ፒያሳ ላይ ትልቅ ሙዚየም ተከፍቶለታል። እነዚህ ሁሉ የሀገር ናቸው፣ ሄደን እንሳለማቸዋለን። የኛ ጥያቄ ትንሽ ነበረች፦ ከዚች ሰፈር በሩን ዘግቶ የወጣው ሰውዬ፣ ጎረቤት በሶና ቆሎ ቋጥሮ የሸኘው፣ እሱ የቱ ጋ ነው ያለው? ሀገር ሐውልት ላይ ስሙን ብትፈልጉት አታገኙትም።

ደሞ ይሄ የአምቦ መንገድ ዝም ብሎ መንገድ እንዳይመስላችሁ። ሆለታ በ1927 የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት አለ፣ ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ የጥቁር አንበሳን ጦር ካቋቋሙት ውስጥ የዛ ትምህርት ቤት ልጆች አሉበት። አዲስ ዓለም ላይ የነበረውን የጣሊያን ምሽግ ለማስመታት ሸዋረገድ ገድሌ ምን ያህል እንደደከመች አርበኞቹ እድሜያቸውን ሙሉ ሲያወሩት ነው የኖሩት። ጊንጪ አካባቢ ጃገማ ኬሎ ገና ጢም ሳያበቅል ጫካ ገብቷል፣ «የበጋው መብረቅ» የተባለውም እሱ ነው፣ በኋላ ሌተና ጀነራል ሆኖ በ2009 ነው ያረፈው። ወደኛ ስንጠጋ ደሞ ቡራዩን አለፍ ብሎ ታጠቅ አለ። በ1969 የእናት ሀገር ጥሪ ታውጆ ሀገሪቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 300,000 የሚጠጋ የገበሬ ሚሊሺያ ስታሰለጥን ዋናው ቦታ ታጠቅ ነበር። አሁን ሽማግሌ የሆኑት የሰፈሩ ሰዎች ያኔ ልጆች ነበሩ፣ ካሚዮኑ በዚሁ አስፋልት ሲያልፍ ከላይ ያሉት ሰዎች ፊታቸው አቧራ ብቻ እንደነበር ይነግሯችኋል፣ እነሱ ታዲያ ከኋላው እየሮጡ ያጨበጭቡ ነበር። ከነዛ ልጆች አንዳንዶቹ ራሳቸው ከጥቂት አመት በኋላ ካሚዮኑ ላይ ወጡ።

ስሙ የሚጻፈው የማን ነው? የትኛው ጦርነት ላይ የዘመተ?

ከዚህ ሰፈር ወጥቶ የዘመተ፣ ወይ ዘምቶ ከተመለሰ በኋላ እዚህ ኖሮ እዚሁ የተቀበረ ሰው። ሌላ መስፈርት የለንም። ማይጨው የሄደ አለ፣ አምስቱን አመት ጫካ የነበረ አለ፣ ኮሪያ፣ ኮንጎ፣ ካራማራ፣ ሰሜን፣ ባድመ፣ ሁሉም አለ። አድዋ ግን የለም። ቅድመ አያቴ አድዋ ዘምቷል ብሎ ያልመጣ ሰው የለም፣ እኛም እናምናለን፣ ያኔ ግን ይሄ ሰፈር የገብስ ማሳ ነበር፣ ከዚህ የወጣው ገብሱ ብቻ ነው።

የጦርነቱ ስም ድንጋዩ ላይ የለም፣ ይሄ ብዙ ሰው አስከፍቷል፣ ስለዚህ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ስብሰባ ርዕስ አውጥተን ነበር፣ አንዱ ድንጋይ «አርበኞች»፣ አንዱ «ቃኘው»፣ አንዱ «የአብዮታዊት እናት ሀገር» ምናምን እያልን። የሰሜኑ ጋ ስንደርስ ስብሰባው ፈረሰ። አንድ ቤት ውስጥ ታላቅየው በመንግስት ጦር ታናሽየው በሌላው ወገን የነበሩበት ጉድ አለ፣ ሁለቱም ከአንድ በር ነው የወጡት። ማንን ምን ብለን እንጽፋለን? አንዱ ተነስቶ «ይቀራል እንጂ የወንበዴ ስም» አለ፣ ሌላው ወንበር ገፋ፣ ሻዩ ተደፋ፣ ከዛ በኋላ ሶስት ሳምንት አልተሰበሰብንም። መጨረሻ ላይ ያዳነን የዕድሩ ዳኛ ሀሳብ ነው፦ ስም ከነአባትና አያት፣ ከሰፈር የወጣበት አመት፣ የተመለሰበት አመት። አለቀ። ታሪክ የሚያውቅ ሰው አመቱን አይቶ የት እንደሄደ ያውቃል፣ የማያውቀው ልጅ ደሞ አጠገቡ ያለውን ሽማግሌ ይጠይቅ፣ ይሄ ራሱ አንድ ጥቅም ነው።

1943 የሚል ካያችሁ ኮሪያ ነው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በዛ አመት ሚያዝያ ላይ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ ከዛ በመርከብ ነው የሄደው። በየተራ የሄዱት በጠቅላላው 6,037 ናቸው፣ ከ120 በላይ ሞተዋል፣ 536 ቆስለዋል፣ የተማረከ አንድም የለም ይባላል። ቃኘው የሚለው ስም ራሱ የራስ መኮንን የፈረስ ስም መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? 1953ን ተከትሎ ያሉት ደሞ ኮንጎ ናቸው፣ ጠቅል ብርጌድ።

አንዳንዱ ስም ጎን ሁለተኛው አመት ባዶ ነው፣ ረስታችሁት ነው?

አልረሳነውም። ጠራቢውም ሁለት ጊዜ ደውሎ «እዚህ ጋ ቁጥር ዘላችኋል» ብሎናል።

መጀመሪያ ያዘጋጀነው ዝርዝር ላይ ያልተመለሱትን ለብቻ ሰብስበን ከላያቸው «የተሰዉ» ብለን ነበር። ዝርዝሩን ዕድሩ ቤት ለጥፈን ሰው እንዲያየው አደረግን። እማማ አንዷ፣ ልጃቸው በ1976 ነው የወጣው፣ ማንበብ ስለማይችሉ የልጅ ልጃቸው አነበበላቸው፣ ዝም ብለው ሰሙና «መርዶ ማን አመጣ?» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። «መንግስት ያላረዳኝን ልጅ እናንተ ድንጋይ ላይ ልታረዱኝ ነው?» የዕድሩ ዳኛ እስኪርቢቶ ከኪሳቸው አውጥተው «የተሰዉ» የሚለውን እዛው ግድግዳው ላይ ሰረዙት። ያልተመለሱት ከተመለሱት ጋ በፊደል ተራ ተቀላቀሉ፣ ቦታውም ለአራት ቁጥር የሚበቃ ሆኖ ክፍት ቀረ። እሳቸው አሁንም ተዝካር አላወጡም። ከናንተ ውስጥ ቤተሰቡ አርፏል ብሎ ያመነና ባዶው እንዲሞላ የሚፈልግ ካለ መስቀል ወይ ጨረቃ እንቀርጻለን፣ አመቱን ግን አንጽፍም፣ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለማ።

ወረቀት የለንም። ጠፍቷል፣ ተቃጥሏል። ምን እናምጣ?

ወረቀት ያለው ሰው ራሱ ጥቂት ነው፣ አትሸማቀቁ። ወረቀት የጠፋው በቸልተኝነት ብቻ አይደለም። ክብር ዘበኛ የነበረ ሰው ከታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር በኋላ ክብር ዘበኛ ነበርኩ ብሎ ማውራቱን ተወ። የኮሪያ ዘማቾች ደሞ የባሰባቸው በደርግ ጊዜ ነው፣ መንግስት ከሰሜን ኮሪያ ጋ ወዳጅ ሲሆን ደቡብን ደግፎ የተዋጋ ሰው ሜዳልያውን አንጠልጥሎ የት ይሄዳል። ያ ቸርችል ላይ ያለው ትግላችን ሐውልት ሲቆም የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ አለበት፣ እዛ በር ላይ በታክሲ እያለፈ ዝም ያለውን የቃኘው ሽማግሌ አስቡት። 1983 ላይ ደሞ ሠራዊቱ ሲበተን መታወቂያውን መሬት ቀብሮ፣ ካኪውን ለማገዶ ሰጥቶ የመጣ ብዙ ነው። አንድ ቤት በሶስት መንግስት ሶስት ጊዜ ወረቀት ተቃጥሏል።

ስለዚህ ምስክር እንቀበላለን። ሶስት ሰው፣ ከሶስቱ ሁለቱ ዘመድ ያልሆኑ፣ እድሜያቸው ለነገሩ የሚደርስ። መጥተው ዕድሩ ቤት ቁጭ ብለው ያዩትን ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ይፈርማሉ። «ሲባል ሰምቻለሁ» አይሆንም፣ «ሲወጣ አይቻለሁ» ወይ «ሲመለስ እግሩን ያጠብኩት እኔ ነኝ» ያለ ሰው ነው የምንፈልገው።

እቃ ካላችሁም አምጡ። አንዲት እህታችን የኒዶ ጣሳ ይዛ መጣች፣ ውስጡ ቁልፍ፣ ክር፣ የተሰበረ መነጽር ምናምን አለ፣ ታች ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ሜዳልያ። አባቷ የሞቱት እሷ ልጅ እያለች ነው፣ ወታደር ነበር ከሚለው ውጪ የነገራት የለም። ሪባኑ ቀጫጭን ሰማያዊና ነጭ ሰረዝ ነው፣ ከላዩ ያለችው ነሐስ ላይ የተጻፈው ደሞ በኛው ፊደል። የተባበሩት መንግስታት የኮሪያ ሜዳልያ ነው፣ ለየሀገሩ በየቋንቋው ነው ያሰሩት፣ የኛዎቹ የደረሳቸው በአማርኛ ነው። ጣሳውን ለሰላሳ ምናምን አመት የቁልፍ ማስቀመጫ አርጋው ኖራለች። አርበኛ አያት ያላችሁ ደሞ የአርበኝነት ሜዳልያውን ሪባን እዩ፣ ዘንባባ ካለበት ቁጠሩት፣ አንዷ ዘንባባ አንድ አመት ጫካ ማለት ናት። እባካችሁ ግን በሎሚና በአመድ አትፈትጉት! እንዳለ አምጡት፣ ጥላ ላይ አርገን ፎቶ እናነሳውና ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፣ እቃ አናስቀርም።

ስሙ አንዱ ወረቀት ላይ በ«ኃ» ሌላው ላይ በ«ሀ» ነው። የቱ ይጻፋል?

ኧረ ይሄን ጥያቄ ተዉኝ። ከገንዘቡም ከመሬቱም በላይ ያደከመን ፊደል ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኃ፣ ከዛ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ፣ ስልክ ላይ ስንጽፍ ማንም ግድ የለውም፣ ድንጋይ ላይ ሲሆን ግን ሁሉም መምህር ሆነ።

ደንባችን ይሄ ነው፦ ሰውዬው ራሱ በእጁ የጻፈው ካለ እንደሱ፣ አሻራ ብቻ ከሆነ ቤተሰብ እንደተስማማው። ቀላል ይመስላል አይደል? ስማቸው ላይ «ኃይል» ያለበት አንድ አባት አሉ፣ ልጆቻቸው ሁለት ወር ሙሉ ተከራከሩ፣ ታላቅየው ዲያቆን ስለነበር «ኃ ካልሆነ አባቴ አይደለም» አለ፣ እህትየው ደሞ የቀበሌ መታወቂያውን ይዛ «ሀ» ነው አለች፣ ለቅሶ ላይ ተገናኝተው እንኳን ሰላም አልተባባሉም አሉ። መጨረሻ ላይ አሮጌ ፎቶ ተገኘ፣ ጀርባው ላይ ሰውየው በራሳቸው እጅ ለሚስታቸው ጽፈዋል፣ «ሐ» ብለው! ሁለቱም ተሳስተዋል። እንደጻፉት ቀረጽነው። ዲያቆኑ እስካሁን ቅር ብሎታል፣ ግን ሲያልፍ ቆም ብሎ ያየዋል።

አንድ ደሞ የኛ ጥፋት አለ፣ መናገር አለብኝ። ሁለተኛው ድንጋይ ላይ መሀል አካባቢ እጃችሁን ብታስኬዱበት አንዷ መስመር ትንሽ ጎድጎድ ትላለች። እዛ ጋ «ሰ» መሆን የነበረባት ፊደል «ስ» ሆና ተቀርጻ ነበር። ከላይ ያለች አንዲት ጭረት ናት ሁሉን ያበላሸችው። ፋይሉን የላኩት እኔ ነኝ፣ ማሽኑ የሰጡትን ነው የሚቀርጸው፣ ጠራቢው ምን ያርግ። ድንጋይ ላስቲክ የለውም፣ መስመሩ ሙሉ ተፍቆ ወደ ውስጥ ገባ ተብሎ እንደገና ተጻፈ። ጸሐይ ከጎን ስትመታው ይታያል። ቤተሰቡ «ይሁን፣ አባታችን ድሮም ከሰው ዝቅ ማለት ይወዱ ነበር» ብለው ሳቁ፣ እኔ ግን ባለፍኩ ቁጥር አይኔ እዛው ነው። ከዛ ወዲህ ስም ከመቀረጹ በፊት በትልቁ ፕሪንት አርገን ለቤተሰብ እንሰጣለን፣ በጣታችሁ ፊደል በፊደል እየነካችሁ አንብባችሁ ትፈርማላችሁ። «አይተነዋል አይተነዋል» ብላችሁ ሳታነቡ የምትፈርሙ አላችሁ፣ እናውቃችኋለን።

በአፋን ኦሮሞስ?

ከጀርባው አለ፣ በቁቤ፣ በዛው ተራ። ሰፈሩ እኮ ብዙው ኦሮሞ ነው፣ ስሙን ደሞ የቄስ ትምህርት ቤት ጸሐፊም፣ የጦሩ መዝጋቢም እንደመሰለው ነው የጻፈው። በኛ ፊደል ሲጻፍ ረጅሙና አጭሩ አናባቢ አይለይም፣ ጥብቁም ላልቶ ይነበባል። በቁቤ ግን ይለያል፣ ስለዚህ ልጆቻቸውን «እናታቸው ሲጠሯቸው እንዴት ነበር?» ብለን ጠይቀን ነው የጻፍነው። አንዱን አባት ሰፈሩ ሙሉ አርባ አመት በተሳሳተ አጠራር ሲጠራቸው እንደኖረ የዛን ቀን ነው ያወቅነው። ጨዋ ስለሆኑ አላረሙንም።

ማዕረግ ይጻፋል?

አይጻፍም። አሥር አለቃም ኮሎኔልም እኩል ነው የሚቆመው። አንድ የሻለቃ ቤተሰብ አኩርፏል፣ ይቅርታ እንላለን፣ ግን አይቀየርም።

ሴቶችስ አሉበት?

አሉ፣ ግን ከሚገባው ያንሳሉ፣ ይሄ እውነት ነው። በአርበኝነቱ ዘመን ብዙዎቹ የውስጥ አርበኛ ነበሩ፣ ከተማ ተቀምጠው ስንቅ፣ ጥይት፣ መድኃኒት፣ ወሬ የሚያወጡ። ሥራው ሚስጥር ስለነበር ምስክር የለውም፣ ወረቀትማ ጭራሽ። አንዲት ጠላ ሻጭ የነበሩ አያት ጥይት በጌሾ ከረጢት ውስጥ ቀብረው በኬላ ያሳልፉ ነበር፣ ጌሾውን ፈታሹ እጁን እንዳያገባበት ደሞ ከላይ በርበሬ ይነሰንሱበታል። ይሄን የነገሩን የዘጠና ምናምን አመት ጎረቤታቸው ናቸው፣ ያኔ ልጅ ሆነው አህያውን የሚነዱት እሳቸው ነበሩ። አንድ ምስክር ብቻ ስለሆኑ ደንቡ ይሰበራል አይሰበርም ብለን ተጨቃጭቀን ሰበርነው። «ከሰፈር የወጣበት አመት» የሚለው ላይ ግን ተቸገርን፣ ሴትየዋ አልወጡማ፣ በየሳምንቱ እየወጡ እየገቡ ነው የተዋጉት። ስለዚህ የሳቸው ጎን 1929 – 1933 ይላል፣ በቃ።

ሴቶቹን በተመለከተ ቤታችሁ ውስጥ ያለችውን አሮጊት ዛሬ ጠይቁ፣ ነገ አትበሉ።

ባንዳ የነበረ ሰው ስም ይገባል?

አይገባም። ግን እስካሁን «አያቴ ባንዳ ነበር፣ ይጻፍልኝ» ብሎ የመጣ ሰው የለም፣ የሁሉም አያት አርበኛ ነው፣ እንዲያው ጣሊያን ማንን ይዞ አምስት አመት እንደቆየ ይገርማል።

አስቸጋሪው ሌላ ነው። መጀመሪያ ለጣሊያን ወታደርነት ተመልምሎ፣ ወይ ተገዶ፣ ከዛ መሳሪያውን ይዞ አርበኞቹ ጋ የገባ አለ። እንዲህ ያለ ሰው በዛ ዘመን ጥቂት አልነበረም። የእንደዚህ አይነቱን አመት የምንቆጥረው ጫካ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። በሰው ላይ ወሬ ይዛችሁ የምትመጡ ደሞ እባካችሁ ይብቃችሁ፣ የአጥር ጸብ ያለባቸው ሁለት ቤቶች አንዱ የአንዱን አያት ባንዳ ነው ብሎ ማመልከቻ ጽፎልናል፣ ማመልከቻው ውስጥ ስለ አጥሩም አለበት።

በሕይወት ያለ ሰው ስም ይጻፋል?

አዎ። አንዳንዱ ሟርት ነው ብሎ እምቢ ብሏል፣ እናከብራለን። አንድ አባባ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ዱካ ይዘው መጥተው የራሳቸው ስም ፊት ለፊት ቁጭ ይላሉ፣ ሰው ሲመጣ «ይሄ እኔ ነኝ» ይሉታል፣ የተመለሱበትን አመት በከዘራቸው እየነኩ።

የቅርቡ ጦርነት ላይ የሄዱ ልጆችስ?

አምስተኛው ድንጋይ ባዶ ነው። የተወለወለ ጥቁር ድንጋይ፣ ፊት የሚያሳይ። ለጊዜው 1992 ላይ ያበቃውን ጦርነት መጨረሻ አርገናል፣ ምክንያቱም የቅርቡ ጦርነት እንባ ገና አልደረቀም፣ ማን ምን ሆነ የሚለው ራሱ በየቤቱ ገና አልተነገረም፣ ስብሰባ ላይ ብናነሳው ሻይ መድፋት ብቻ ሳይሆን ሌላ ነገር ይመጣል። እኔ በግሌ ስሞቹን አሁን መሰብሰብ፣ መቅረጹን ማቆየት ይሻላል ባይ ነኝ፣ ቆይቶ ምስክር እንደሚጠፋ እኮ ከላይ አይተነዋል። ኮሚቴው ግን በአብላጫ ድምጽ አልተቀበለኝም። ዝርዝር ላስይዝ ያለ ቤተሰብ ግን ደብተር አለኝ፣ ማንም አይከለክለኝም።

ብሩ ከየት ነው?

ከዕድሩ፣ ከሰፈሩ ልጆች፣ ውጪ ካሉትም። ደረሰኝ አለ፣ ወጪው በሙሉ ዕድሩ ቤት በር ላይ ተለጥፏል፣ ዝናብ ሲያበላሸው እንደገና እንለጥፋለን። የተበላ ነገር አለ የምትሉ መጥታችሁ እዩ። የተበላው ዳቦና ሻይ ነው።

የአምቦ ድንጋይ እያለ ለምን ጥቁር ድንጋይ? ደሞ መንገድ ቢነካውስ?

የአምቦ ድንጋይ ለአጥርና ለግድግዳ ያምራል፣ ለመጥረብም ይመቻል፣ ግን ለስላሳ ነው፣ ትንንሽ ፊደል ሲገባበት ጠርዙ ይረግፋል። የክረምቱን ዝናብ ደሞ እዚህ ዳገት ላይ ያለ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ጥቁሩን መረጥን። ቀለም አልቀባነውም፣ ወርቃማ ቀለም ሁለት ክረምት አይዘልቅም።

የመንገዱ ነገር እኛንም አስጨንቆናል፣ ዛሬ ያለ አጥር ነገ ላይኖር ይችላል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ራሱ በ2005 ለባቡሩ ሥራ ሲባል ተነስቶ በ2008 ነው ወደ ቦታው የተመለሰው፣ የሳቸው ከተነሳ የኛማ ምን ይባላል። እና ከዛ ተምረን ድንጋዮቹን ኮንክሪት ውስጥ አልቀበርናቸውም። ከታች የብረት ጫማ አላቸው፣ በአራት ቡሎን ነው የታሰሩት፣ ስምንት ሰው ቁልፍ ይዞ ከመጣ በግማሽ ቀን አንስቶ ሌላ ቦታ ያቆማቸዋል። ቡሎኖቹን በየአመቱ ግሪስ እናስቀባለን። ልጆች ግሪሱን በጣታችሁ እየጠረጋችሁ ስሙ ላይ አታርጉ!

ዝክሩ መቼ ነው? አባቴ መጋቢት 28 ነው ይሉኝ ነበር

ሚያዝያ 27፣ ጠዋት 2 ሰዓት። አባትህም አልተሳሳቱም። በመጋቢት 28፣ 1933 የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ ገባ፣ ንጉሡ ደሞ በሚያዝያ 27 ገቡ፣ ጣሊያን ከተማዋን ከያዘ ልክ በአምስት አመቱ፣ በዛችው ቀን። ደርግ የንጉሡን ቀን ትቶ በዓሉን መጋቢት 28 አደረገው፣ ከደርግ በኋላ እንደገና ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። በዛ ዘመን የተማረ ሁሉ መጋቢት ይላል፣ አትከራከሩት።

ፕሮግራሙ አጭር ነው። ንግግር የለም፣ እንግዳ ባለሥልጣን ቢመጣም ከሰው ጋ ይቆማል። ስም ይጠራል፣ ከቤተሰቡ የመጣው ሰው «አቤት» ይላል፣ ማንም ያልመጣለት ሲሆን ሰፈሩ በሙሉ «አቤት» ይልለታል። ከዛ ቡናና ዳቦ። ጃንጥላ ያዙ።

ሙሽሮች ፎቶ መነሳት ይችላሉ?

ይችላሉ፣ ድንጋዩ ላይ አትደገፉ እንጂ፣ የቬሎው ብልጭልጭ ፊደሉ ውስጥ እየገባ በመርፌ ነው የምናወጣው። ሻማም ከድንጋዩ ራቅ አርጋችሁ አብሩ፣ ሰሙ አይለቅም። አበባ የፕላስቲክ አታምጡ።

በሩ ዝግ ሆኖ ካገኘነው ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ፊት ለፊት ያለችው ሱቅ። ልጅቷ ከሌለች ወንድሟን ጠይቁት፣ እሱም ከሌለ በሩን ወደ ላይ ከፍ አርጋችሁ ግፉት፣ ይከፈታል።